አውሮፓ በዳጣ ላይ ያወጣችው ሕግ የታየበት ጉባኤ

ቀን፦ እሑድ ሰኔ 6 ቀን 2013 ዓ.ም.

ቦታ፦ ደቡብ አፍሪካ፣ ጆሀንስበርግ አጠገብ፣ ቴምቢሳ፣ የጋሽ አጵሎስ ሱቅ ጓዳ፣ ከበቆሎ ዱቄቱ ጆንያ አጠገብ።

የተገኙ፦ ጋሽ አጵሎስ (ሰብሳቢ)፤ እህት በቀለችና ወንድም ሽጉጤ (ፊት ለፊት የሚተያዩ፣ ስፓዛ የሚባሉ የሰፈር ሱቆች ባለቤቶች)፤ ወጣት ሀሴት (የሰብሳቢው ልጅ፣ የሕግ ተማሪ)፤ ዱባለ (ጸሐፊ፣ ሳይፈልግ የተመረጠ)።

ያልተገኙ፦ ሌሎቹ የባለሱቆች ማኅበራችን አባላት ኮሮናን ፈርተን ነው ብለዋል። ትናንት ሠርግ ላይ ግን ታይተዋል።

ምልዓተ ጉባኤ፦ በደንቡ ሰባት ሰው ያስፈልጋል። ተራርቆ ለመቀመጥ ጓዳው ከአምስት በላይ ስለማይችል፣ ጓዳው የቻለው ያህል ምልዓተ ጉባኤ ነው ተባለ።

ጉባኤው በወንድም ሽጉጤ ጸሎት ተከፈተ። በጸሎቱ መካከል «ወንድሟን የምትከስሰውን እህት ልብ አራራ» የሚል ስለገባበት፣ እህት በቀለች ይህ ክፍል እንዲሰረዝ ጠየቁ። ጸሎት አይሰረዝም ተባለ።

የስብሰባው ምክንያት የእህት በቀለች ክስ ነው። ኮታ የሚባለው የሰፈሩ ምሳ ሩብ ዳቦ ተፈልፍሎ የድንች ጥብስ የሚታጨቅበት ነው፤ እዚያ ላይ የአገራችንን ዳጣ መቀባት የጀመሩት እርሳቸው ናቸው። አሁን ወንድም ሽጉጤ ያንኑ እየሸጡ የምሳው ሰልፍ መንገድ ተሻግሯል። እህት በቀለች «ሰልፉ ካልተመለሰ ሱቄን መዝጋቴ ነው፤ ቀልድ እንዳይመስላችሁ» ብለዋል።

ሽማግሌ ሁለት ጊዜ ተልኮ አልሆነም። ሰብሳቢው ልጃቸው ስለ አውሮፓ አዳዲስ ሕጎች፣ ማለትም ስለ ውድድር፣ ስለ ሸማች፣ ስለ መገናኛ ብዙኃንና ስለ ፓተንት፣ በኮምፒውተር ስትማር መክረሟን ገልጸው «እኛ ካቃተን አውሮፓ ትፍረድ» አሉ።

አጀንዳ 1፦ ውድድር

ሀሴት ነጋዴዎች ተሰብስበው በዋጋ ቢስማሙ በአውሮፓ እንደሚቀጡ፣ ይህም ካርቴል እንደሚባል አስረዳች። ሰብሳቢው እኛ ፍቅር ነው የምንለው፣ ዳቦ እኩል የምንሸጠውም እንዳንቀያየም ነው ሲሉ መለሱ። ሀሴት እንዲህ ያለው ስብሰባ ራሱ ማስረጃ ሊሆን እንደሚችል ስትናገር ጸሐፊው ብዕሩን አስቀመጠ። አንሣ ተባለ፤ አነሣ።

ከረጅም ውይይት በኋላ፣ ከእንግዲህ በዋጋ እንዳንስማማ በሙሉ ድምፅ ተስማማን። ሀሴት «አሁንም እኮ ተስማማችሁ» ብላ ሳቀች። የሚያስቅ ነገር አልነበረም።

አጀንዳ 2፦ ሸማችና መገናኛ ብዙኃን

ሀሴት በአውሮፓ ሸማች በኢንተርኔት የገዛውን ዕቃ ሐሳቡን ቢቀይር መመለስ እንደሚችል ተናገረች። ወንድም ሽጉጤ የተገመጠ ኮታም ይመለስ እንደሆነ ጠየቁ። ምግብ አይመለስም ስትላቸው «ታዲያ ለምን አስደነገጥሽን?» አሏት። የገመጠ ይጨርስ ተብሎ ተወሰነ።

መገናኛ ብዙኃን የሚለው እዚህ ያለን የዋትስአፕ ግሩፕ ብቻ ስለሆነ፣ እሱም ቢዘጋ ስለሚሻል፣ ታለፈ።

ከዚያ ሀሴት ትልልቅ ኩባንያዎች የትንንሾቹን ነጋዴዎች ዳጣ ወስደው መልሰው እንዳይወዳደሩበት በአውሮፓ አዲስ ሕግ መረቀቁን ገለጸች። እህት በቀለች ብድግ ብለው እልል አሉ። «ሰማችሁ? ጉዳዬ ብራስልስ ደርሷል!» ወንድም ሽጉጤ ላብ አጠመቃቸው፤ «አውሮፓ ዳጣ መብላት የጀመረችው መቼ ነው?» ሲሉ ጠየቁ። ወንድም ሽጉጤ ከነገ ጀምሮ ዳጣ እንዲያቆሙ ተወሰነ።

ሀሴት «ኖ፣ አንቲ! የስልኩን ነው ያልኩት!» ብላ ጮኸች። ለካ የተናገረችው ስለ ዳታ ነው። ልጅቷ እዚሁ ጆሀንስበርግ ተወልዳ ጠ ስላልወጣላት፣ ዳጣንም ዳታ ነው የምትለው። ጸሐፊው እንደ ወትሮው አርሞ ጻፈላት። ጥፋቱ የጸሐፊው አይደለም፤ ይመዝገብ። ወንድም ሽጉጤ ዳታማ ከኤርታይም፣ ከስልክ ካርዱ፣ ጋር እንደሚሸጡ፣ ከሳሽም እንደሌላቸው ተናገሩ። ውሳኔው ታገደ።

አጀንዳ 3፦ ፓተንት

ሀሴት ፓተንት የሚጠይቅ ሰው ሥራው አዲስና የራሱ መሆኑን ማሳየት አለበት አለች። ወንድም ሽጉጤ ደቡብ አፍሪካ ራሷ ወረርሽኙ እስኪያልፍ የክትባት ፓተንት ይነሣ እያለች መሆኑን ጠቅሰው፣ ዳጣውም እንዲነሣ አመለከቱ። እህት በቀለች «ክትባት ሰው ያድናል፤ ያንተ ዳጣ ማንን አዳነ?» ሲሉ ጠየቁ። ወንድም ሽጉጤ «ጥር ላይ በኮሮና ስትወድቂ፣ ደንበኛዬ እንዳይበተን ብለሽ በመስኮቱ ብረት በኩል አሠራሩን የነገርሽኝ ራስሽ ነሽ» አሉ። እህት በቀለች «ጠብቅልኝ አልኩህ እንጂ ውረሰኝ አልኩህ?» ብለው መለሱ።

ሰብሳቢው የሁለቱም ዳጣ ቀርቦ እህት በቀለች የራሳቸውን ይለዩ ብለው አዘዙ። ጸሐፊው ጀርባውን ሰጥቶ በሁለት ስኒ ቀዳ። እህት በቀለች ጭንብላቸውን አውርደው ቀመሱና ሳያመነቱ «ይኸው የእጄ ሥራ!» አሉ።

የወንድም ሽጉጤ ነበር። ጸሐፊው ሲነግራቸው አላመኑም፤ በጣታቸው እየዛቁ ደጋግመው ቀመሱ። ሽታው ብቻ ሁላችንን እያስነጠሰን፣ እርሳቸው ግን ዓይናቸው እንኳ እንባ አላቀረረም። በመጨረሻ ስኒውን አስቀምጠው እንዲህ አሉ፦

«ከጥር ወዲህ አፌ ምንም አይለይም። ጨውም ስኳርም አንድ ነው። ይመለሳል ብዬ ለማንም ሳልናገር በእጄ ልማድ ስሠራ ከረምኩ። ለካ ሰዉ መንገድ የተሻገረው ወዶ አይደለም።»

ያኔ ያልመጣው እንባ አሁን መጣ። መብራትም ያን ጊዜ ጠፋ፤ ሎድሼዲንግ የሚሉት የመብራት ፈረቃ ተራው የእኛ ሰፈር ነበር።

ከዚህ በኋላ ያለው በጨለማ የተነገረ ስለሆነ ተናጋሪዎቹ የተመዘገቡት በድምፃቸው ነው።

ወንድም ሽጉጤ፦ ጨው እያበዛሽ ነበር። ቀምሻለሁ። እንዳልነግርሽ «ቀናብኝ» ትያለሽ ብዬ ፈራሁ።

እህት በቀለች፦ እል ነበር።

ወንድም ሽጉጤ፦ ጠዋት ጠዋት ሱቄን ሳልከፍት መጥቼ ልቅመስልሽ። እስኪመለስልሽ።

ሀሴት፣ ተወዳዳሪ ለተወዳዳሪው እየቀመሰ መሸጡን የአውሮፓ ሕግ እንዴት እንደሚያየው ማጣራት እንደሚያስፈልግ ተናገረች። ሰብሳቢው ዝም በይ ልጄ አሉ።

የመጨረሻ ውሳኔ

ከላይ የተወሰነው ሁሉ፣ የታገደውም ጭምር፣ ተሽሯል። የአውሮፓ ሕግ ከምስጋና ጋር ተመልሷል። ወንድም ሽጉጤ የእህት በቀለችን ዳጣ በየጠዋቱ ይቀምሳሉ፤ ጨው ከበዛ ሳይፈሩ ይናገራሉ። የእህት በቀለች አፍ በዳነ ቀን ይህም ውሳኔ ይሻርና ክሱ ካቆመበት ይቀጥላል።

ክሱ ቶሎ እንዲቀጥል ጉባኤው በአንድ ልብ ጸልዮ፣ ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ በስልክ መብራት ተበተነ። ከሁሉ ጮክ ብለው አሜን ያሉት ተከሳሹ ናቸው።