ጫካውን የተጣላው ሊቀ አራዊት

ቴሌቪዥን ላይ የዱር አራዊት ፊልም አይቶ በሰው ሁሉ ላይ የሚፈርድ ዘመድ የሌለው ቤተሰብ የለም። ካለም የኛን እናውሰዋለን። አጎቴ ነው። ሥራው አናጢነት ቢሆንም እኛ ክቡር ሊቀ አራዊት እንለዋለን።

ፍርዱ አጭር ነው። «አንተ ጫካ ብትወለድ ምሳ ነበርክ!» መነጽሬን ባየ ቁጥር ይህን ሳይለኝ አያልፍም። «ዓይኗ የደከመ ሚዳቋ ሳትወልድ ትበላለች። የምትወልደው አጥርታ የምታየው ናት፤ ልጆቿም ያንን ዓይን ይወርሳሉ። አለቀ!» እንቅልፍ የማይጠግበውን ወንድሜን ለነብር ሰጥቶታል። ድስቱ እያረረ አጠገቡ ተቀምጦ ጋዜጣ ያነበበውን አማቹን ደግሞ፣ «ይሄ አፍንጫ ይዞ እንዴት እዚህ ደረሰ?» ብሎ ለጅብ መረቀው። ወንበር ሊያስጠግን የመጣ ደንበኛ እንኳ ጆሮው ሳይለካ አይወጣም። እኔ ሁልጊዜ እበሽቃለሁ።

አምና ልጁ ሴት ልጅ ወለደች። ሐኪሟ ሕፃኗን መርምራ እንደማትሰማ፣ ነገሩም በዘር የመጣ እንደሆነ ነገረችን። ሁላችንም ወደ አጎቴ ዞርን። እውነቴን ነው፣ ፈራሁ። ያቺን ቃል ቢተነፍስ ልጁ ዳግም ዓይኑን እንደማታየው አውቃለሁ። እሷም ሕፃኗን እንዳቀፈች አፈጠጠችበት።

«በል ፍረድ አባባ! የኔ ልጅስ ምሳ ናት?»

ክቡርነቱ ከመቀመጫው ተስፈንጥሮ ተነሳ።

«የማን ምሳ? የቱ አንበሳ ነው እሱ? ይምጣና ይሞክረኝ! ጫካ ሕግ አለው አልኩ እንጂ ልክ ነው አልኩ እንዴ?»

«ልክ ነው» ብሎ ነበር፤ በየቀኑ። ማናችንም ግን አላነሳንበትም።

በሳምንቱ መጋዝና መዶሻውን ይዞ መጣና የሕፃኗን ክፍል የሲሚንቶ ወለል በሳንቃ አለበሰው። «ዝሆን የመሬቱን ንዝረት በእግሩ ይሰማል» አለኝ። አሁን ወደ ክፍሏ ሲገባ ጫማውን አውልቆ ሳንቃውን በእግሩ ይደበድበዋል። ሕፃኗ ጀርባዋን ሰጥታ ብትቀመጥም ዞር ብላ ትስቅለታለች።

ትናንት ምድር ቤት የሚኖሩት የቤቱ አከራይ እየሮጡ መጡ።

«ኧረ ሰውዬ፣ ቤቴን ልታፈርሰው ነው!»

«ይፍረስ! መልሼ እሠራልዎታለሁ!» አለና ባሰበት።

አከራዩ እንዲያስቆመው ወደ እኔ ዞሩ። እኔም ጫማዬን አውልቄ ከአጎቴ ጎን ቆምኩና ባለ በሌለ ጉልበቴ ሳንቃውን ረገጥኩት። ሕፃኗ ዞር አለች፤ ሁለታችንንም ሰማችን።