ጥቁር ለብሰን ወደ ካሮልተን

በጥቅምት ወር ቴክሳስ ውስጥ ቅዳሜና እሑድ የዕረፍት ቀን ነው የሚል ሰው ካጋጠማችሁ፣ ያ ሰው ወይ ስፖርት አይወድም ወይ ቴሌቪዥኑ ተበላሽቷል። እኔ የማርፈው ሰኞ ነው። ሥራዬ ኤርፖርት ሻንጣ መጫን ነው። የሰው ሻንጣ እየተሸከሙ ማረፍ ምን ማለት እንደሆነ የሚገባው፣ ቅዳሜ ሙሉ ቀን የኮሌጅ ፉትቦል ተመልክቶ እሑድ ደግሞ የቤዝቦል ፕሌይኦፍ፣ ማለትም ጥሎ ማለፉን፣ የተከታተለ ሰው ብቻ ነው። አንዱ ዓይኔ ቴሌቪዥኑ ላይ፣ ሌላው ስልኬ ላይ። ቁጭ ስል መቆም ያምረኛል፣ ስቆም መቀመጥ። ማስታወቂያ ሲመጣ ፍሪጅ እከፍትና ምንም ሳላወጣ እዘጋዋለሁ። ማን አስገደደህ ትሉኝ ይሆናል። ማንም! ችግሩም እሱ ነው፤ የሚከሰስ ሰው የለም።

እስቲ ላብራራ። ማብራራት እወዳለሁ፣ ያልተጠየቅኩትንም ቢሆን። ቤዝቦል እዚህ የመጣሁ ሰሞን በምሳ ሰዓቴ ስልኬ ላይ ቪዲዮ እያየሁ ራሴን በራሴ ያስተማርኩት ጨዋታ ነው። ዘጠኝ ዙር አለው፤ ዙሩ ኢኒንግ ይባላል። ወርዋሪው ሰዓት ይያዝበታል እንጂ ጨዋታው ራሱ ሰዓት የለውም። ማለቴ፣ ዳኛው ሰዓቱን አይቶ «በቃ፣ ወደ ቤታችሁ» አይልም። የመጨረሻው ሰውዬ ከጨዋታ እስኪወጣ ድረስ አልቆለታል የሚባል ቡድን የለም፣ ድኗል የሚባል ቡድንም የለም። ይቺን ነገር ያዙልኝ፣ ኋላ እንመለስባታለን።

የኮሌጅ ፉትቦል ደግሞ የተማሪዎች ጨዋታ ነው ይባላል። ተማሪዎቹ ግን ይጫወታሉ እንጂ እንቅልፍ አያጡም። እንቅልፍ የሚያጡት የዚያን ትምህርት ቤት ደጃፍ ረግጠው የማያውቁ ትልልቅ ሰዎች ናቸው። አንዱ እኔ ነኝ። የምደግፈውን ዩኒቨርሲቲ ስም አልጠራም፤ ግማሹ አንባቢ የተቃራኒው ደጋፊ ስለሆነ እዚሁ ጥሎኝ ይሄዳል። ማመልከቻ እንኳ አስገብቼበት አላውቅም፤ ግን «እኛ» ነው የምለው። «እኛ ያሸነፍን ዕለት» ስል ኪሩቤል ከሰማኝ፣ «አንተ የት ነበርክ? ሻንጣ ስትጭን አልነበር እንዴ?» ይለኛል። ኪሩቤል አብሮኝ ሻንጣ የሚጭን ጓደኛዬ ነው። ስፖርት የሚከታተለው እኔን ለማናደድ ያህል ነው።

ይሄን ሁሉ ጨዋታ የማየው ካሮልተን፣ ጋሽ በላይ ቤት ነው። ጋሽ በላይ ትራክ ይነዳል። አንቱ ያለው ሰው ቤቱ ስለማይገባ አንተ እለዋለሁ። ግድግዳ የሚያክል ቴሌቪዥን አለው፤ ግን ወደ እሱ ቤት የሚወስደኝ ቴሌቪዥኑ አይደለም። ሰው ሁሉ ከማብራሪያዬ ሲሸሽ የሚያዳምጠኝ እሱ ብቻ ነው። ሶፋው ላይ ጋደም ብሎ፣ «ቆይ፣ ይሄኛው ኳሷን ሳይመታ ለምንድነው በነፃ የሄደው?» ይለኛል። ባለፈው ሳምንት ነግሬዋለሁ፤ ካቻምናም ነግሬዋለሁ። አሁንም ስነግረው እንደ አዲስ ይሰማኛል። አዲሰን ከተማ የተከራየኋት ባለ አንድ ክፍል ስቱዲዮ ውስጥ አንዲት ቴሌቪዥንና አንዲት ወንበር አሉኝ፤ ሁለቱም ጥያቄ አይጠይቁም። ሶ፣ የጋሽ በላይ በር ቢዘጋብኝ ምን እንደምሆን አስቡት። በሩን ያዘጋሁት ደግሞ እኔው ራሴ ነኝ፣ በገዛ ዕውቀቴ።

የዚያን ቅዳሜ ትምህርት ቤታችን «ብላክ አውት» አወጀ። ደጋፊ የሆነ ሁሉ ከላይ እስከ ታች ጥቁር ይልበስ ማለት ነው። ሌላም ሥርዓት አለ፤ ቴልጌት ይባላል። ጨዋታው ሳይጀመር ከማለዳው ጀምሮ የመኪናውን ኋላ ከፍቶ፣ ወንበር ዘርግቶ፣ ሥጋ እየጠበሱ መጠበቅ ነው። እኔም አሰብኩ። ጋሽ በላይ ሰሞኑን ፊቱ ልክ አልነበረም። ደብረ ታቦር ያሉት እናቱ ታመው ነበር፤ ሦስት ቀን ሙሉ ሲደውልላቸው ስልካቸው አይነሳም። ታዲያ በሩ ላይ ቴልጌት ሠርተን ሰርፕራይዝ ብናደርገው ትንሽ አይፍታታም? እንዳትደውሉለት፣ እንዳትነግሩት ብዬ ለሁሉም አስጠነቀቅኩ።

ኪሩቤልን ይዤ ሳሚን ለመውሰድ ጋርላንድ ሄድኩ። ሳሚ እዚሁ የተወለደ ነው፤ አማርኛው ጉልበት እንጂ ሰዋስው የለውም። አጎቱን አቶ ደምሴን አስከትሎ ወጣ። «እሱ ቤት ብቻ ነው፣ ይምጣ» አለኝ። አቶ ደምሴ ሰባን ያለፉ፣ ድምፃቸው የረጋ ሰው ናቸው። ጥቁር ልብስ ግዴታ ነው ስላቸው፣ «እሱስ ሞልቶኛል» ብለው ተመልሰው ጥቁር ሱፍ ከነክራቫቱ ለብሰው ወጡ። ለምን እንደሞላቸው ያኔ ልጠይቅ ይገባኝ ነበር። ከዳላስ እስከ ፎርት ወርዝ ያለ እሳቸው የተረዳ መርዶ የለም። አላውቅም ነበር እንዳልል አውቃለሁ። የቡድኖች ደረጃ የሞላበት ጭንቅላት ውስጥ ቦታ አጥቶ ነው።

ገና ፀሐይ ስትወጣ ደረስን። ጎረቤት እንዳይነቃ ዝም በሉ አልኳቸው፤ ዝም አሉ። ሽማግሌ ይቅደም አልን፤ አቶ ደምሴ ቀደሙ። ደወሉ ይጮኻል ብዬ በሩን በቀስታ አንኳኳሁ። ጋሽ በላይ በፒጃማ ከፈተ። መጀመሪያ አቶ ደምሴን አየ፣ ቀጥሎ ልብሳችንን፣ ከዚያ ተመልሶ አቶ ደምሴን። «ምንድን ነው?» አለ።

አቶ ደምሴም በዚያ በረጋ ድምፃቸው፣ «ምንም የለም በላይ፤ እንዲያው ልንጠይቅህ ብለን ነው» አሉት።

አያችሁልኝ? ለሌላ ሕዝብ ይሄ ሰላምታ ነው። ለእኛ ግን ሳይደውሉ፣ በማለዳ፣ ጥቁር ለብሰው የመጡ ሰዎች «ምንም የለም» ካሉ፣ የቀረው ስሙን መናገር ብቻ ነው።

«እናቴ ናት?» አለ። ኪሩቤል «ኧረ በጭራሽ!» አለ፤ በጣም ፈጠነ። ጋሽ በላይ በሩን ሲደገፍ አየሁና፣ «ጋሽ በላይ፣ መጀመሪያ ቁጭ በል» አልኩት። መርዶ የሚያረዳ ሰው ሁሉ የሚላትን ቃል መርጬ! ይሄ አልበቃ ብሎ ሳሚ ሄዶ ጥምጥም አለበትና፣ «አይም ሶሪ፣ ጋሼ። ሶ ሶሪ» አለው። እዚህ አገር ሰው ስታስደነግጥ ሶሪ ይባላል። አለቀ። ጋሽ በላይ «እማዬን!» ብሎ ደረጃው ላይ ወደቀ።

ከዚያ በኋላ እውነት መናገር ዋጋ አጣ። አልሞቱም ባልን ቁጥር፣ «ቀስ እያላችሁ ልትነግሩኝ ነው» እያለ ይብስበታል። ባለቤቱ እትዬ ሙሉ እየሮጡ ወጡ። ማስረጃ ላሳያቸው ብዬ የመኪናዬን ኋላ ከፈትኩ። ስድስት ተጣጣፊ ወንበር፣ በረዶ የሞላ ሣጥን፣ ከሰል፣ ለሃያ ሰው የሚበቃ ሥጋ። እትዬ ሙሉ ወንበሮቹን ሲያዩ ራሳቸውን ያዙ። «ወይኔ! ወንበርም ይዘው መጥተዋል!» አሉ።

በአንድ ሰዓት ውስጥ እትዬ ሙሉ እኅታቸውን፣ እኅታቸው ማኅበሩን፣ ማኅበሩ ከተማውን ኮል አደረገ። መንገዱ ላይ ፓርክ ማድረጊያ ጠፋ። ሴቶቹ ድስት ተሸክመው ገቡ፤ ወንበሮቼ በሙሉ ተያዙ። ግቢ ውስጥ ቆሜ፣ ጥቁር ለብሼ፣ ላልሞቱ ሰው ለቅሶ በርገር ጠበስኩ። ቤት ውስጥ ሰው በየተራ ስልክ ይሞክራል፤ ደብረ ታቦር አታነሳም። ረፋዱ ላይ ጨዋታው ተጀመረ። ያ ግድግዳ የሚያክል ቴሌቪዥን ነጠላ ተጣለበት። ኪሴ ውስጥ ስልኬ በነዘረ ቁጥር እዘላለሁ። ውጤት ለማየት አራት ጊዜ መታጠቢያ ቤት ገባሁ። በአራተኛው ስወጣ አንዲት እናት፣ «አዬ ልጅ፣ ሐዘኑ ሆዱን ረበሸው» ብለው ውኃ ሰጡኝ። ጠጣሁ። ሰው ነኝ፣ አፈርኩ። እየመራን ነበር።

አቶ ደምሴ ሳይቀሩ መጠራጠር ጀመሩ። ወደ ከሰሉ ጠጋ ብለው፣ «ልጄ፣ እኔ የሄድኩበት ቤት ሰው ሳይሞት ቀርቶ አያውቅም። እውነቱን ንገረኝ፤ እኔንም ደብቃችሁኝ ነው?» አሉኝ። ማልኩላቸው። አላመኑኝም።

ከሰዓት በኋላ፣ ጨዋታው ሊያልቅ ሲል፣ የቪዲዮ ጥሪው ተነሳ። እናቱ ጋቢያቸውን ደርበው፣ ከሲታ ግን ቆፍጠን ብለው፣ ስክሪኑ ላይ ወጡ። መብራት ጠፍቶ ስልካቸው ቻርጅ አልነበረውም፤ ነገሩ ይኸው ነበር። ቤቱ በእልልታ ሊፈነዳ ሲል እሳቸው ከልጃቸው ኋላ የተኮለኮለውን ጥቁር ለባሽ አዩ። «ማን ሞቶ ነው?» አሉ። ማንም ቢሏቸው ማን ሊሰማ! «በላይ ምን ሆኖ ነው የምትደብቁኝ? ቁጭ ብሎ አይደለም፣ አቁማችሁ አሳዩኝ!» ብለው አፈጠጡ። ጋሽ በላይ ተነሣ፣ እስከ ኩሽና ሄዶ ተመለሰ፣ ዙር ሲሉት ዞረ። ያኔ አመኑ። «ታዲያ ይሄን ሁሉ ሕዝብ ማን ሰበሰበው?» ብለው ጠየቁ። ዓይን ሁሉ አንድ በአንድ ወደ እኔ ዞረ። እኔ የበርገር መገልበጫ ይዤ በር ላይ ቆሜያለሁ።

ጋሽ በላይ ቢጮኽብኝ ይሻለኝ ነበር። ፊቱን ጠርጎ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ወንበርህን ሰብስብና ውጣ። ሁለተኛ እዚህ ደጃፍ እንዳላይህ» አለኝ። ወንበሮቹ ላይ ሰው ስለነበረ ትቻቸው ወጣሁ። ማሸነፋችንን የሰማሁት መኪና ውስጥ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ «እኛ» ማለት አቃተኝ። ያሸነፉት እነሱ ናቸው፤ እኔ ሰው አስለቅሼ እየሄድኩ ነው።

እሑድ ደግሞ የቤዝቦሉ ቀን ነበር። ሁለት ለሁለት ነን፤ አምስተኛው ጨዋታ ላይ ያሸነፈ ያልፋል፣ የተሸነፈ እስከ ፀደይ ቤቱ ይተኛል። እኔ የማታ ሺፍት ነበረብኝ። ለጋሽ በላይ ሁለት ጊዜ ደወልኩ፤ አላነሳም። ጨዋታው እንዲቀዳልኝ አደረግኩና በግሩፕ ቻታችን ላይ፣ ሰኞ ጠዋት እስካየው ድረስ ውጤቱን የሚነግረኝ ሰው ወዳጄ አይደለም ብዬ ጻፍኩ። ጋሽ በላይ አንብቦታል። አንድ ቃል አልመለሰም። ሥራ ቦታ ስልኬን ዘጋሁ፤ የጆሮ መከላከያዬን ማንም በሌለበትም አላወለቅኩትም። የቡድናችንን ኮፍያ ያደረገ ተሳፋሪ በተርሚናሉ መስታወት በኩል ሲያልፍ ባየሁ ጊዜ ፊቱን እንዳላነብ ወደ ሻንጣው ዞርኩ። ወደ ቤት ስመለስ ሬዲዮ አልከፈትኩም።

ሰኞ በማለዳ ተነሥቼ ቅጂውን አስጀመርኩ። እንዴት ያለ ጨዋታ! በሦስተኛው ኢኒንግ አራት ለባዶ መራን። አንዱ ልጃችን ኳሷን ሳይመታ በነፃ ወደ አንደኛው ቤዝ ሄደ፤ ከመቀመጫዬ ተነሥቼ፣ ጣቴን ቀስሬ፣ ምክንያቱን ላብራራ ዞርኩ። ግድግዳው ነው ያለው። እንዲህ እየመሩ ዝም ማለት እንዴት እንደሚያንቅ ልነግራችሁ አልችልም።

በሩ በቀስታ ተንኳኳ።

ከፈትኩ። አቶ ደምሴ ከፊት ቆመዋል፣ በጥቁር ሱፍ ከነክራቫቱ። ከኋላቸው ኪሩቤልና ሳሚ፣ እነሱም በጥቁር። ጋሽ በላይ ደግሞ፣ ትናንት ስልኬን ያላነሳው ጋሽ በላይ፣ እትዬ ሙሉ የላኩትን አንድ ሳህን ንፍሮ በሁለት እጁ ይዞ ቆሟል። ከኋላዬ የቴሌቪዥኑ ሕዝብ በደስታ ይጮኻል።

«ምንድን ነው?» አልኩ።

«ምንም የለም ልጄ፤ እንዲያው ልንጠይቅህ ብለን ነው» አሉ አቶ ደምሴ።

በሩን ተደገፍኩ። ሳሚ ጥምጥም አለብኝና «ሶ ሶሪ፣ ብሮ» አለኝ። «አራት ለባዶ እየመራን እኮ ነው!» ብዬ ጮኽኩ። አቶ ደምሴ ትከሻዬን ያዝ አድርገው፣ «አዎ፤ እንዲሁ እየሣቁ እየተጫወቱ ነው ያለፉት። ብዙም አልተሰቃዩም» አሉኝ። ያዙልኝ ያልኳችሁ ነገር ይቺ ነበረች፤ የመጨረሻው ሰውዬ እስኪወጣ ድኗል የሚባል ቡድን የለም።

ኪሩቤል ከመኪናው ወንበሮቼን አወጣ። ስድስቱንም፣ አጥበዋቸዋል። ጋሽ በላይ አንዱን ዘርግቶ ቴሌቪዥኑ ፊት ተቀመጠ፣ ከንፍሮው አፈስ አደረገና ወደ እኔ ዞረ።

«በል ና ቁጭ በል» አለኝ፤ «መጀመሪያ ያ ልጅ ለምን በነፃ እንደሄደ ንገረኝ፤ ከዚያ ስንተኛው ዙር ላይ እንደታመሙ አብራራልኝ።»