ባሕር የተፋው ብር

አንዱ ጫት ሲያጣ፣ ሌላው ሙግት ሲያጣ ያመዋል። የሸዋ ሮቢቱ ጎረቤቴ ጋሽ ሰይድ ግን ምን ቢሰበስቡ ጥሩ ነው? ከሰጠመ የእስፓኝ መርከብ ወጣ እየተባለ የአፋር ነጋዴዎች የሚያመጡትን፣ ጨው የበላውን ጥቁር ብር! ገበያ ላይ ማን ይቀበላል? እንደ ጠገራ ብራችን የፈረንጇ ንግሥት መልክ የለበትማ!

ጣሊያን ጠገራ እየነጠቀ በምትኩ የወረቀት ብር ማደል የጀመረ ሰሞን ግን፣ ሁላችንም ጠገራችንን ይዘን ወደ ጋሽ ሰይድ ሮጥን። ጋናቸው ውስጥ ጨመርንና ጥቁሩን ብር ከላይ ደፋንበት። ፈታሹ ወታደር መጥቶ አንዱን አነሣ፣ ነከሰው፣ እንትፍ ብሎ ወረወረውና ሄደ። እፎይ!

ጠገራችንን አውጥተን ልንሄድ ስንል ጋሽ ሰይድ በሩ ላይ ቆመው እጃችንን እያስዘረጉ ፈተሹን።

«ምነው ጋሽ ሰይድ፣ ያንን ጥቁር ብረት ማን ይነካብዎታል?»

«ትናንት ማንም አይነካውም ነበር። ዛሬ ግን፣ ወላሂ፣ ጥቅሙን አይታችኋል!»