ኪሮስ የተሳፈረበት መርከብ

እናንተ ምን እንደምትፈሩ አላውቅም። እባብ የሚፈራ አለ፣ ገደል የሚፈራ አለ፤ አንድ የማውቀው የቀበሌ ሹም ደግሞ ስብሰባ ላይ እጁን የሚያወጣ ሰው ይፈራል። የእኔ ፍርሃት ለየት ይላል። ልብ ወለድ ሳነብ ወጣት፣ ትሑት፣ ሥራ ወዳድና እናቱን የሚናፍቅ አዲስ ሰው ታሪኩ ውስጥ ከገባ እፈራለታለሁ። መጽሐፉን አጥፌ አስቀምጥና «ይሄ ልጅ ሊሞት ነው» እላለሁ። ደግሞም ይሞታል።

ይህን ፍርሃት ያተረፍኩት ከተራ ልብ ወለድ አይደለም። በቴሌቪዥን ሲታዩ የኖሩ፣ ስለ ጠፈርና ስለ ከዋክብት የሚያወሩ ተከታታይ ፊልሞች አሉ አይደል? እነሱ ሲያልቁ እንዳላለቁ አድርገው በመጽሐፍ የሚቀጥሉ ጸሐፊዎች አሉ። ሽፋኑ ላይ የፊልሙ ስም በትልቁ ይጻፍና የጸሐፊው ስም ከታች ጥግ ላይ ይደበቃል። ደሴ ውስጥ ከአንድ አሮጌ መጽሐፍ ሻጭ በማዳበሪያ ከረጢት ይዤ ሰቆጣ ያስገባኋቸው አሥራ አንድ እንዲህ ያሉ መጻሕፍት አሉኝ። ሁሉንም ሁለት ሁለት ጊዜ አንብቤያቸዋለሁ። የእንግሊዝኛ አስተማሪ ስለሆንኩ ለሥራዬ ነው እያልኩ ራሴን እደልላለሁ።

የእነዚህ ጸሐፊዎች ችግር ቤቱ የራሳቸው አለመሆኑ ነው። ተከራይ ናቸው። ግድግዳው ላይ አንዲት ምስማር ለመምታት እንኳ ባለቤቱን ማስፈቀድ አለባቸው። የጠፈር መርከቡ አዛዥ አይሞትም፣ አያገባም፣ ጢሙንም አያሳድግም። መርከቡ በገጽ አርባ ላይ ለሁለት ቢሰነጠቅ በመጨረሻው ገጽ ተጠግኖ ታገኙታላችሁ። በቴሌቪዥኑ የሞተ፣ ግን ተመልካች ያለቀሰለት ሰው ካለ፣ በመጀመሪያው ምዕራፍ ላይ በረዶ ውስጥ ተኝቶ ይገኛል፤ ካልሆነም የሞተው መንትያው ነበር፤ እሱም ካልሆነ ጊዜ ወደኋላ ዞሯል። አንድ ቀን ሰሃን ይዞ ብቅ ብሎ የጠፋ አስተናጋጅ ደግሞ አራት መቶ ገጽ ይሰጠውና ከልጅነቱ እስከ አያቱ ምስጢር ይተረክለታል።

ታዲያ እንባ ያስፈልጋል። አንባቢ ሳያለቅስ መጽሐፉ አይሸጥም። ነባሮቹን መግደል ደግሞ ክልክል ነው። ማን ይሙት? ባለቤቱ የማያውቀው፣ ጸሐፊው ከራሱ የጨመረው ሰው ይሞታላ! የተፈጠረውም ለዚሁ ነው። ከአሥራ አንዱ መጻሕፍት ውስጥ የተረፈ አንድ እንኳ የለም።

ይህን ሁሉ እያወቅሁ አርፌ አልተቀመጥኩም።

ከገበያው በላይ አያ ሞላ የሚባሉ ልብስ ሰፊ አሉ። ከስፌት መኪናቸው ፊት ለፊት ባለው ሻይ ቤት አንድ እንዲህ ያለ ተከታታይ ፊልም ይታይ ነበር፤ እኔ እየተረጎምኩላቸው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተከታትለውታል። ፊልሙ መርከቡን ጨለማ ውስጥ እንደጠፋ ትቶት አለቀ። አያ ሞላ ይህን እንደ ግል ስድብ ቆጠሩት።

«ሰውን አንጠልጥሎ መሄድ ምን የሚሉት ብልግና ነው?» አሉኝ።

ቀጣዩ በመጽሐፍ እንዳለ ነገርኳቸው። መናገር አልነበረብኝም። ከዚያ ወዲያ በየገበያው ቀን ከሰዓት በኋላ እሳቸው በረንዳ ላይ ተቀምጬ፣ እንግሊዝኛውን በልቤ እያነበብኩ በአማርኛ መተረክ ሆነ ሥራዬ። ልብስ ሊያሰፋ የመጣ ይቀመጣል፣ ሸቀጡን የሸጠ ይቀመጣል፣ መኪና የሚጠብቅ ይቀመጣል። የፈረንጆቹ ስም ለአፍ ስለማይመች አድማጮቼ እንደፈለጉ ሰየሟቸው። አዛዡ በድሮ ገዥዎቻችን ማዕረግ «ዋግ ሹም» ሆነ። ፊቱ የማይፈታው ምክትሉ ደግሞ «ዳኛው» ተባለ። ማንም ቅር አላለውም፤ ፈረንጆቹም አልሰሙም።

ስድስት መጻሕፍት ከነሟቾቻቸው በሰላም አለፉ። ሰባተኛው ላይ አንድ ወጣት መካኒክ ወደ መርከቡ ገባ። እናቱን አገር ቤት ትቶ፣ ሥራ ፍለጋ የተሳፈረ፣ ሰው አክባሪ ልጅ። እኔማ አወቅሁት።

«ስሙስ?» አሉኝ አያ ሞላ።

የእንግሊዝኛው ስም ለራሴም አልጠራ ስላለኝ አፌ ላይ የመጣውን ወረወርኩ። «ኪሮስ» አልኩ። በእኛ አገር አንድ ሰፈር ውስጥ ሦስት አራት ኪሮስ አይጠፋም፤ ምን ችግር አለው ብዬ ነው።

ከኋላዬ፣ ግድግዳውን ተደግፈው፣ የቀሚሳቸው ጠርዝ እስኪሰፋ የሚጠብቁ እናት ተቀምጠው ነበር። እማማ ዝማም ናቸው። አንድ ልጃቸው ኪሮስ በጅቡቲ በኩል ወደ ሳዑዲ ሊሻገር ሄዶ፣ «ባሕሩ ዳር ደርሰናል፣ መርከብ እየጠበቅን ነው» ብሎ ከደወለ ሰባት ወር ሆኖታል። ከዚያ በኋላ ድምፁ አልተሰማም። እሳቸውም ስልካቸውን በመሐረብ ጠቅልለው ከጉያቸው አይለዩትም። ይህን ሰቆጣ ውስጥ የማያውቅ የለም። እኔም አውቃለሁ። የረሳሁት ያቺን ቅጽበት ብቻ ነው፤ ለዚህም እስካሁን ራሴን ይቅር አላልኩም።

«መካኒክ ነው አልክ?» አሉኝ ቀስ ብለው። «የኔም ብረት መነካካት ይወድ ነበር።»

 ስሙን ልቀይረው አሰብኩ። ግን የእናትን ፊት እያዩ «ይቅርታ፣ ኪሮስ አይደለም» እንዴት ይባላል? ቀጠልኩ።

ከዚያ በኋላ እማማ ዝማም አንድ ገበያ አልቀሩም። ታሪክ መሆኑን ያውቃሉ፤ ሞኝ አይደሉም። ግን ይጠይቃሉ። «ይበላል?» ይሉኛል። መጽሐፉ ስለ ምግቡ ምንም አይልም፤ እኔ ግን አበላዋለሁ። «እዚያ ላይ ብርድ የለም?» ይሉኛል። በከዋክብት መካከል በሚከንፍ መርከብ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ጋቢ የታየው በዚያ ሳምንት ነው። ዳኛው ራሱ አውጥቶ አለበሰው። አድማጩ ሁሉ ዳኛውን መረቀ።

የቀሩት ገጾች ግን እየሳሱ ሄዱ። መጨረሻውን አውቀዋለሁ፤ ልጁ ዋግ ሹምን ለማዳን ሲል አየር የሌለው ክፍል ውስጥ ይገባል፣ በሩ ይዘጋል፣ አለቀ። ፈራሁ። በሕይወቴ እንዲህ ፈርቼ አላውቅም። ጊዜ ለመግዛት አንዲት ኮከብ ለመግለጽ አንድ ሙሉ ከሰዓት ፈጀሁ። አያ ሞላ ገባቸው፤ ሰው ሲበተን የስፌት መኪናቸውን አቁመው ጠሩኝ።

«ይሞታል እንዴ?»

«ሁልጊዜም ይሞታል» አልኳቸው።

«ታዲያ አንተ ሰው፣ እያወቅህ ለምን ኪሮስ አልከው?»

 ተምሬያለሁ፤ ቃል ሰው እንደማይገድል ለተማሪዎቼ ስንት ጊዜ ተናግሬያለሁ። ግን አንድ ቀን ቤቴ ውስጥ ብቻዬን ሆኜ፣ «ኪሮስ ሞተ» የሚለውን ዓረፍተ ነገር ጮክ ብዬ ልሞክረው ብል አፌ እምቢ አለኝ። ካልኩት በዚያው ደቂቃ የእማማ ዝማም ስልክ የሚጮህ መሰለኝ።

የባሰው በቀጣዩ ገበያ መጣ። ልጁን ክፍሉ ውስጥ አስገብቼ፣ በሩ ተዘጋበት ብዬ፣ ወደ ሌላ ነገር ላዞር ስል ደመናው ተቀደደና በረዶ ወረደ። በሩ ኪሮስ ላይ እንደተዘጋ ሰው ሁሉ ተበተነ። እማማ ዝማም ብቻ በረዶው ውስጥ ቆመው፣ «በሩ ይከፈታል?» አሉኝ። እኔ፣ አያ ሞላ ብልግና ያሉትን ያንኑ ነገር ሠራሁ። «ለሚቀጥለው ገበያ» አልኳቸው።

አርብ ዕለት አያ ሞላ ወሬ አመጡልኝ። እማማ ዝማም እህል መቅመስ አቁመዋል።

ያን ጊዜ ቆረጥኩ። ልጁ ይተርፋል! ጸሐፊው ባለቤቱን ይፍራ፤ እኔን እዚህ ዋግ ድረስ መጥቶ የሚከሰኝ ማን ነው? አሁኑኑ ሄደን እንንገራቸው አልን። አያ ሞላ ደግሞ አሰቡና፣ ከእኛ ቃል ይልቅ የንስሐ አባታቸው ቃል ያጽናናቸዋል፣ እሳቸውም አብረውን ይሂዱ አሉ። ቄሱ ሩቅ አገር ቀጠሮ ስለነበራቸው በማለዳ እንዲሆን ተስማማን። ጥሩ ሐሳብ መሰለን። ሦስት ትልልቅ ሰዎች ተሰብስበን አንዳችንም አላስተዋልነውም።

እናንተ ግን አስተውላችኋል።

ገና ፀሐይ ሳትወጣ፣ ሦስት ወንዶች ነጠላ አጣፍተን፣ የንስሐ አባቱን አስቀድመን፣ ማን ይናገር በሚል ሐሳብ አንገታችንን ደፍተን፣ ልጇ ባሕር ላይ ወደጠፋባት እናት ቤት እየሄድን ነበር። በዚህ አገር በዚህ ሰዓት በዚህ አኳኋን የሚኬደው ለአንድ ነገር ብቻ ነው። መርዶ ሊነገር ነው።

እማማ ዝማም በራቸው ላይ ቆመው አዩን። ቄሱን አዩ። እኔን አዩ። አማርኛው ጠፋባቸው፤ በአፍ መፍቻቸው በኽምጣኛ የልጃቸውን ስም ጠርተው መሬት ላይ ወደቁ። ጩኸቱን የሰማ ጎረቤት ከየቤቱ ወጣ። ሴቶች ደረታቸውን እየመቱ መጡ። አንዷ ነጠላዋን ወገቧ ላይ ማሰር ጀምራለች። ቄሱ እጃቸውን እያወዛወዙ አንድ ነገር ይላሉ፤ ማን ይስማቸው? አያ ሞላ አመድ መስለዋል። እኔ በድንጋጤ ያለ የሌለ ድምፄን አውጥቼ ጮህኩ።

«ተርፏል! ኪሮስ ተርፏል! መርከቡም ደህና ነው!»

መርከብ። ሌላ ቃል በአማርኛ የጠፋ ይመስል!

 ከዚያ አንዲት ሴት እልል አለች። ቀጥሎ ሁሉም። መርከቡ ደህና ነው፣ ኪሮስ ባሕሩን ተሻግሯል፣ መምህሩ ወሬውን አምጥቷል! ያቺ ነጠላዋን ወገቧ ላይ ያሰረችው ሴት ፈትታ ትከሻዋ ላይ ጣለችና መጨፈር ጀመረች። እንባቸውን እየጠረጉ የሚስሙኝን ሰዎች ቁጥር አላውቀውም። እያንዳንዱ ስሞሽ አጥንቴ ድረስ አቀዘቀዘኝ። ይህን ደስታ ማን ነው የሚያፈርሰው? እኔ ነኝ።

እማማ ዝማምን ደግፌ ወደ ቤት አስገባኋቸው። እጄን ያዙና ዓይን ዓይኔን አዩኝ።

«የመጽሐፉ ነው አይደል?» አሉኝ በሹክሹክታ።

«አዎ እማማ። የመጽሐፉ ነው። ይቅር ይበሉኝ።»

ያለቅሳሉ ብዬ ነበር። አላለቀሱም።

«ሰባት ወር ሙሉ ሰው ሲያየኝ መንገድ ይለውጣል» አሉ። «ምን እንደሚለኝ ስለማያውቅ። ዛሬ እልል አሉልኝ። ትንሽ ተዋቸው።»

ትንሽ ተውናቸው። ቄሱ ግን ውሸት ማሳደር የሚሆንላቸው ሰው አይደሉም፤ ወጥተው ነገሩን ከሥሩ ለሕዝቡ አስረዱ። መጽሐፍ ነው፣ የፈረንጅ ፈጠራ ነው፣ መርከቡም በሰማይ የሚሄድ ነው፣ የእኛው ኪሮስ ወሬ ገና አልተሰማም አሉ። እደበደባለሁ ብዬ በር ሥር ቆሜ ነበር። ማንም አልተቆጣኝም። አንድ ሽማግሌ ብቻ ጠጋ ብለው፣ «ስንት ሰው ይይዛል?» ብለው ጠየቁኝና መልሴን ሳይጠብቁ ሄዱ። ያኔ ጥያቄው አልገባኝም።

በቀጣዩ ገበያ የተረፈውን ኪሮስ በደብተር ላይ ጽፌ፣ በሩን ማን እንደከፈተው፣ ዳኛው እንዴት ለመጀመሪያ ጊዜ እንደሳቀ አሰማምሬ ወደ አያ ሞላ በረንዳ ሄድኩ። ቦታ አልነበረም። በረንዳው ሞልቶ ሰው መንገዱ ላይ ቆሟል። ከጋዝጊብላ የመጡ አሉ፣ ከጽጽቃ የመጡ አሉ። ብዙዎቹን አላውቃቸውም። ሁሉም እኔን ያያል።

ከፊት ብትራቸውን የተደገፉ አንድ ሰው ነበሩ፤ ከአበርገሌ ሁለት ቀን በእግራቸው ተጉዘው ነው የመጡት።

«ጓለይ፣ ልጄ ማለቴ ነው፣ ለተብርሃን ትባላለች» አሉኝ። «እሷም በዚያው በባሕሩ ነው የሄደችው። ከሄደች ሁለት ዓመቷ ነው።»

 «አባቴ፣ ይህ እኮ መጽሐፍ ነው» አልኳቸው። «እውነተኛ ወሬ የለኝም። ማንንም ማዳን አልችልም።»

«አውቃለሁ፣ ነግረውኛል» አሉ። «መርከቡ ላይ ቦታ ካለ ብዬ ነው።»

ከኋላቸው ያሉት ሰዎች ትንሽ ቀረብ አሉ። እማማ ዝማም ስልካቸውን በመሐረብ እንደጠቀለሉ ጉያቸው አድርገው፣ ከተቀመጡበት አግዳሚ ላይ ሸርተት ብለው ለሰውየው ቦታ ለቀቁላቸው። አያ ሞላን አየሁ፤ እሳቸውም መሬት መሬት ያያሉ። እሺ ብል እዋሻለሁ። እምቢ ብል ሁለት ቀን በእግራቸው ይመለሳሉ።

«ምን ሥራ ትችላለች?» አልኳቸው።

ሰውየው ተቀመጡ። ለመጀመር ትንሽ ተቸገሩ። ከዚያ ልጃቸው ንብ እንደማትፈራ፣ በሕፃንነቷ ተከዜ ሞልቶ ሳለ እንዴት አንገታቸው ላይ ሆና እንደተሻገረች፣ ስትቆጣ ማንን እንደምትመስል ነገሩኝ። እሳቸው ሲያበቁ አጠገባቸው ያለችው ሴት ስለ ልጇ ጀመረች፤ ከእሷ ቀጥሎ ሌላው። ያን ቀን መጽሐፉም ደብተሩም አልተከፈተም። ስለ ዋግ ሹምም የጠየቀ ሰው የለም።