የማትጮኸው ፒክአፕ እና የጃጁራ ዳገት

እኛ አገር መኪና የሚታመነው በጆሮ ነው። ከሆሳዕና ወጥታችሁ በጃጁራ በኩል ገጠር ግቡና ታዘቡ። ሰውየው ጓሮው ውስጥ እንሰት እየኮተኮተ፣ ቀና ብሎ እንኳን ሳያይ፣ የእገሌ መኪና መጣ፣ ሁለተኛ ማርሽ ላይ ነው፣ ጭነት ይዟል ይላችኋል። ተሳስቶ አያውቅም።

እኔ ታዲያ እዚህ አገር ድምፅ የሌላት መኪና ገዛሁ።

ኤሌክትሪክ ፒክአፕ። አዎ። እናንተም ልትስቁ ነው። ሳቁ፣ ለምጄዋለሁ።

መጀመሪያ የሳቀው የእህቴ ባል ጋሽ ዴታሞ ነው። ጋሽ ዴታሞ በዕድሜ ከትልቅ ልጁ የሚበልጥ የናፍጣ ፒክአፕ አለው። ፎር ባይ ፎር። ጭቃ ሲያይ ደስ የሚለው ዓይነት። ጠዋት ሲያስነሳው የጎረቤት ዶሮ ከቆጥ ይወርዳል። ሥራችን አንድ ነው፤ ከጃጁራ ገበያ ቆጮና ድንች ጭነን ሆሳዕና እናራግፋለን። ስለዚህ የእሱ ሳቅ ሳቅ ብቻ አልነበረም። ለነጋዴ ሴቶቹ የሚላቸውን ሰምቻለሁ። ያቺ መጫወቻ ናት፣ ዳገት ላይ ትቀራለች፣ ቆጯችሁን በጀርባችሁ ተሸክማችሁ ነው የምትገቡት ይላቸዋል። አመኑት። ሁለት ወር ሙሉ መኪናዬ ባዶዋን ሄዳ ባዶዋን ተመለሰች። የድሮዋን የናፍጣ መኪናዬን ሸጬ ነው የገዛኋት። ጭነት ካላገኘች ሌላ እንጀራ የለኝም።

እስቲ በእውነት እናወዳድር። እሱ ለናፍጣ ይሰለፋል። ከማደያው በር እስከ መናኸሪያው በተዘረጋው ሰልፍ መሀል፣ መኪናው ውስጥ ምሳውን ይበላል፣ መጽሐፍ ቅዱሱን ያነባል። ባለፈው ዘሌዋውያንን ጨርሶ ዘኍልቍ ገብቶ ነበር። ያኔ አለቀ ተባለ። ናፍጣው። እኔ ደግሞ በሳሎኔ መስኮት ገመድ አውጥቼ እሰካለሁ። አለቀ።

መብራት ሲጠፋስ? ይለኛል ዴታሞ። ላም አለኝ በሰማይ ነው የአንተ ነገር ይላል። ይጠፋል፤ አልዋሽም። አንዴ ዱራሜ ላይ ባትሪዬ ተሟጦ አንድ የማላውቀው ሰው ቤት ሰካሁ። ገና ከመሰካቴ መብራቱ ሄደ። ግማሽ ቀን ጠበቅኩ። ምሳ በላሁ፣ መክሰስ በላሁ፣ ሰውየው የልጁን የፈተና ውጤት አምጥቶ አማከረኝ። አሁን ዘመድ ነን። የናፍጣ ሰልፍ ላይ ማን ዘመድ አፈራ? ጠብ እንጂ።

የመኪናዬ ሆድም ወደ መሬት ዝቅ ይላል። እሱንም አልክድም። መንገድ ላይ ድንጋይ ሳይ ሆዴን የምይዘው እኔ ነኝ። ቢሆንም አልሸጣትም።

ከዚያ የዴታሞ ሁለተኛ ልጅ፣ ምሕረት፣ ልታገባ ሆነ። ቤታቸው ከጃጁራ ወጣ ብሎ ነው፤ ጋብቻው የሚፈጸመው ሆሳዕና፣ ቤተ ክርስቲያን። ዴታሞ ልጄን በመኪናዬ ነው የምሸኛት ብሎ በዋዜማው አበባ አሰረበት። ምሕረት እንቢ አለች። የታላቅ እህቷ ቬሎ መድረኩ ላይ ናፍጣ ናፍጣ ሲሸት ታስታውሳለች። አባዬ፣ እኔ በአጎቴ መኪና ነው የምሄደው አለች። ዴታሞ ወጥቶ አበባውን ፈታ። በራሱ እጅ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

“ዳገቱ ላይ ብትቆም ለመጎተት አልመለስም” አለኝ። “ገበያተኛው ሁሉ ይይህ።”

ሠርጉ በገበያ ቀን ዋለ። ጠዋት ደግሞ ዘነበ። ዳገቱ ግራና ቀኙ ቆጮ የተሸከሙ ሴቶች ናቸው። እነዚያው ሴቶች። ዛሬ ዓይናቸው እያየ ብወጣው ይጭኑልኛል፤ ብቀር ከነመኪናዬ አበቃልኝ።

ዴታሞ ቀደመ። እያጓራ፣ ጭቃ እየረጨ ወጣ። ጫፉ ላይ አቁሞ ወረደና እጁን አጣጥፎ ጠበቀኝ። እኔ ተከተልኩ። ቀስ ብዬ፤ ቬሎ ይዣለሁ። መኪናዋም ትወጣ ጀመር። ጎማዋ ጭቃውን ሲረግጥ ብቻ ነው የሚሰማው። ደስታዬ ሊገድለኝ።

አንድ ነገር ግን ረስቼ ነበር። እኛ ዘንድ ዳገት ላይ ድምፁ የጠፋ መኪና የሞተ መኪና ነው። የሞተ መኪና ደግሞ ይገፋል። ማንም ተጠርቶ አይመጣም፣ ማንም አይለመንም። የተኳረፉት ሰው መኪና ቢሆን እንኳን ሸክም ይወርዳል፣ ይገፋል። ሙሽራ ካለችበትማ ምን ይወራል?

ሙሽራዋ ቀረች የሚል ድምፅ ሰማሁ። በመስታወቱ ሳይ ቆጮው መንገድ ዳር ተደርድሯል፤ ሴቶቹ ከኋላዬ ናቸው። አንገቴን አውጥቼ አትግፉ፣ ትሄዳለች አልኩ። በአማርኛ አልኩ። በሀዲይሳ አልኩ። በሁለቱም አይዞህ አሉኝ። ብቆም ጭቃው ይይዘኛል። ብፈጥን ፊታቸው ላይ እረጫለሁ፤ የተደገፈችኝም በአፍጢሟ ትደፋለች። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባላል። እኔ ሎሚውን ሆኜ፣ በገዛ ባትሪዬ እየሄድኩ፣ እየተገፋሁ ወጣሁ።

ጫፉ ላይ ተጨበጨበ። ሃሌሉያ ተባለ። አንዷ እዚያው ቆማ የሞተችውን መኪና ስላስነሳ ጌታን አመሰገነች። ዴታሞ ፈገግ አለ። ያንን ፈገግታ ቤተ ክርስቲያን ይዞት ገባ፣ ድግስም ይዞት መጣ። ድግሱ ላይ በየጠረጴዛው እየዞረ እንዴት እንደተገፋሁ ተረከ። እኔም ከኋላው እየዞርኩ በራሷ ነው የወጣችው አልኩ። ማን ይመነኝ? እሱ መንገድ ሙሉ ምስክር አለው። የእኔ ምስክር ምሕረት ናት፤ ሙሽራ ደግሞ አንገቷን ደፍታ ትቀመጣለች እንጂ አትመሰክርም።

በቀጣዩ ገበያ አትሂድ ያላለኝ ሰው የለም። ሄድኩ። መኪናዬንም ከዴታሞ መኪና ጎን አቆምኩ፤ ሆን ብዬ። ባዶዬን ብመለስም አንገቴን ሳልደፋ ነው ብዬ።

የቆጮ ነጋዴዎቹ አውራ እትዬ አበበች ናቸው። መጡ። የዴታሞን መኪና አለፉት። ቆጯቸውን የእኔ ላይ ጫኑ። ሌሎቹም ተከተሉ። ዴታሞ ከመኪናው ዘሎ ወረደ። እትዬ አበበች፣ ባለፈው ራስዎ ገፍተው አይደል እንዴ ያወጧት? አላቸው።

“ለዚያ እኮ ነው” አሉት። “የአንተን አልነሳ ባለ ቁጥር ስንገፋ ስንገፋ ወገባችን አለቀ። ይቺ በአንድ እጅ ትገፋለች።”

እውነቱን ልናገር አፌን ከፈትኩ። ማንም አልገፋትም ልል። ዞር ብዬ ጭነቱን አየሁት፤ እስከ አፉ ሞልቷል። አፌን ዘጋሁት።

ከዚያ ወዲህ ጭነት አጥቼ አላውቅም። ዳገቱ ሥር ስደርስ ፍጥነት እቀንሳለሁ፤ ከጭነታቸው ጋር የተሳፈሩት ሴቶች ወርደው ይገፉኛል። ባለፈው ግን እነሱ እንደወረዱ ሐሳብ ይዞኝ ጥዬአቸው ብቻዬን ጫፍ ደረስኩ። እትዬ አበበች ትንፋሻቸው ቁርጥ ቁርጥ እያለ ከታች መጡ። “ምን በደልንህ?” አሉኝ።

ይቅርታ ጠየቅኩ። የኋላ ማርሽ አስገብቼ እስከ ሥሩ ወረድኩ። እንደገና ገፉኝ።