አየር የገባው ፍሬንና የተኳረፉት ወንድማማቾች

የመኪናዋ ጉዳይ ኮሚቴ ልዩ ስብሰባ ቃለ ጉባኤ

ቀን፦ ቅዳሜ ጠዋት፣ ቁርስ እንደተነሳ
ቦታ፦ የእናት ግቢ፣ ከብረት በሩ ጀርባ፣ መኪናዋ አጠገብ

የተገኙ፦
1. ታላቅ እህት፣ ነርስ፦ ሰብሳቢ
2. መካከለኛው ወንድም፣ የአውቶብስ ሹፌር፦ አባል
3. ታናሽ ወንድም፣ ኤሌክትሪሺያን፦ አባል
4. የሰብሳቢዋ ባል፦ ጸሐፊ፣ ያለ ድምፅ
5. የሦስቱ እናት፦ ያለ ድምፅ (ይህን ግን ደፍሮ የነገራቸው የለም)

ምልዓተ ጉባኤ፦ መኪናዋን ከአባታቸው የወረሱት ሦስቱም ልጆች በመገኘታቸው ተሟልቷል። መኪናዋም በክሪክ ተነስታ፣ በግንድ ተደግፋ፣ አራቱም ጎማዎቿ ወልቀው በስብሰባው ላይ ተገኝታለች።

አጀንዳ 1፦ ስለ ስብሰባው ምክንያት

ሰብሳቢዋ ስብሰባውን ስትከፍት አክስታቸው ቀዶ ሕክምና ተደርጎላቸው ትናንት ከሆስፒታል መውጣታቸውን፣ እናታቸውም ዛሬውኑ ካላየኋት ውሃ አልቀምስም ማለታቸውን፣ የአክስት ቤት ደግሞ ከትልቁ ቁልቁለት ግርጌ መሆኑን አስታውሳለች። የመኪናዋ ፍሬን በአሁኑ ሰዓት ሲረገጥ እንደ ጭቃ እየሰመጠ ወለሉን እንደሚነካም አስረድታለች።

ጸሐፊው በታክሲ ቢኬድስ የሚል ሐሳብ አቅርቧል። እናት፣ “የባሌ መኪና ግቢዬ ቆማ እኔ በሰው መኪና?” በማለታቸው ሐሳቡ ወድቋል። ጸሐፊውም ድሮም ድምፅ እንደሌለው ተነግሮት ወደ ጽሑፉ ተመልሷል።

ሹፌሩ ቴክኒካዊ ማብራሪያ ሰጥቷል። የኋላው ጎማ ፍሬን ዘይት ሲያፈስ ስላገኘው ትናንት ማታ ጎሚኒውን፣ ማለትም ዘይቱን የሚያግደውን የላስቲክ ቀለበት፣ መቀየሩን፣ ቱቦው ሲፈታ ግን አየር መግባቱን ገልጿል። በእሱ አነጋገር ዘይት ሲጨምቁት “እሺ” ብሎ ጉልበቱን ለጎማው ያደርሳል። አየር ግን ራሱ ይታመቅና ጉልበቱን በልቶ ዝም ይላል። መፍትሔው አንድ ሰው ፍሬኑን ረግጦ ሲይዝ ሌላው ከጎማው ጀርባ ያለችውን ብሎን ፈታ አድርጎ አየሩን ማስወጣት፣ እግር ሳይነሳ መልሶ ማሰር ነው። ብሎኗ ሳትታሰር እግር ከተነሳ የወጣው አየር ተመልሶ ይገባል። “ስለዚህ” ብሏል ሹፌሩ፣ “ሁለቱ ሰዎች መነጋገር አለባቸው።”

በዚህ ጊዜ በስብሰባው ላይ ጸጥታ ሰፍኗል።

አጀንዳ 2፦ ስለ ጸጥታው

ሹፌሩና ኤሌክትሪሺያኑ ከታናሹ ሠርግ ቀን ጀምሮ እንደማይነጋገሩ ለኮሚቴው ግልጽ ነው። የዚያን ቀን ሹፌሩ ሙሽራዋን በዚህችው መኪና እንዲያመጣ ተመድቦ አልደረሰም። ሙሽራዋ ቬሏን በመስኮት እያውለበለበች በሚኒባስ መጥታለች። ሹፌሩ ፍሬን እምቢ አለኝ ሲል፣ ሙሽራው እንቅልፍ ጥሎህ ነው ብሎ ጀርባውን ሰጥቶታል። ነገሩ እዚያው ላይ ቆሟል።

ኤሌክትሪሺያኑ ፍሬኑን ለመርገጥ የተስማማው ለእናቱ ሲል እንጂ “ለአንዳንድ ሰዎች” ሲል እንዳልሆነ በቃለ ጉባኤው እንዲሰፍርለት ጠይቋል። ሰፍሯል። ሹፌሩም፣ “ንገሪልኝ፣ እኔም መኪና ሥር የምገባው ለአክስቴ ነው” ብሏል። ይህም ሰፍሯል።

ከረጅም ውይይት በኋላ ማንኛውም ቃል በሰብሳቢዋ በኩል ብቻ እንዲተላለፍ ተወስኗል። ሰብሳቢዋ በተጨማሪ ኮፈኑ ሥር ያለው የፍሬን ዘይት ዕቃ እንዳይጎድል እንድትጠብቅ ኃላፊነት ተሰጥቷታል።

አጀንዳ 3፦ ስለ ሥራው አፈጻጸም

ሹፌሩ መኪናዋ ሥር ገብቶ፣ “እትዬ፣ ይያዝ በይው” ብሏል። ሰብሳቢዋ ለኤሌክትሪሺያኑ፣ “ያዝ ተብለሃል” ብላለች። ኤሌክትሪሺያኑ፣ “ይዣለሁ በይው” ብሏል። ሰብሳቢዋ ጎንበስ ብላ፣ “ይዟል” ብላለች። መልእክቱ ሄዶ እስኪመለስ ግን የኤሌክትሪሺያኑ እግር ዝሎ ተነስቷል። ብሎኗም ተከፍታ ስለነበር ከሥር ጉልክ ጉልክ የሚል ድምፅ ተሰምቷል። ሹፌሩ በዚህ ላይ የተናገረው ቃል እናቱ ባሉበት የሚጻፍ ባለመሆኑ ታልፏል።

አሠራሩ ደጋግሞ ተሞክሯል። እናት ከዱካቸው ላይ ሆነው፣ “ቅድም ትንሽ ይሻል ነበር” የሚል አስተያየት ሰጥተዋል። ቀጥለውም ጓዳ ያለው የምግብ ዘይት ይጨመርበት የሚል ሐሳብ አቅርበዋል። ሹፌሩ የምግብ ዘይት ጎሚኒውን ያሳብጠዋል ሲል ተቃውሟል። እናት፣ “ዘይት ዘይት ነው፤ አንተንም ያሳደገህ እሱ ነው” ብለዋል። ድምፅ ሲሰጥ ሐሳቡ በሦስት ተቃውሞና በአንድ ድጋፍ ወድቋል። የድጋፉ ድምፅ የእናት ሲሆን፣ ድምፅ እንደሌላቸው ለማስረዳት ጸሐፊው ቢነሳ፣ “ማን ነው የወሰነው?” ብለዋል። ወዲያውኑ ድምፃቸው ተቆጥሯል።

በመቀጠል ኤሌክትሪሺያኑ የሥነ ሥርዓት ጥያቄ አንስቷል። “ያዝ” የሚለው ቃል ከሥር ሲመጣ የቁጣ ቃና አለው፣ ሰብሳቢዋም ቃናውን ሳታጣራ ታስተላልፋለች ብሏል። ሹፌሩ ከሥር ሆኖ፣ “መሬት ላይ ተኝቼ ልዝፈንለት ወይ?” የሚል ጥያቄ በሰብሳቢዋ በኩል አቅርቧል። ሰብሳቢዋ የዘይቱን ዕቃ ትታ በቃና ጉዳይ ላይ ሰፊ ማብራሪያ ስትሰጥ ዘይቱ አልቆ ዕቃው ደርቋል። የአራቱም ጎማ ቱቦ አየር ሞልቶበት ሥራው ከዜሮ እንዲጀመር ግድ ሆኗል።

ጥፋቱ የማንም አይደለም እንዲባል በሙሉ ድምፅ ተወስኗል። ወደፊት መኪናዋ አንድ ሳምንት ለሹፌሩ፣ አንድ ሳምንት ለኤሌክትሪሺያኑ እንድትሰጥ፣ ሁለቱ አንድ ላይ እንዳይሳፈሩባት፣ ቁልፏም በሰብሳቢዋ እጅ ብቻ እንዲተላለፍ ተወስኗል።

አጀንዳ 4፦ በፕሮግራሙ ያልነበረ

ዘይቱ እንደገና ተሞልቶ ኤሌክትሪሺያኑ ፍሬኑን ሲረግጥ እግሩ ያለ ምንም ተቃውሞ ወለሉ ላይ አረፈ። ደግሞ ረገጠው፤ ያው ነው። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ “እትዬ፣ ያኔም እንዲህ ነበር ወይ በይልኝ” አለ።

ሰብሳቢዋ፣ “ሰምቶሃል፤ እኔ ደክሞኛል” ብላለች።

ከመኪናዋ ሥር፣ “እንዲህ ነበር። የሰው ልጅ ከነቬሏ አሳፍሬ ያንን ቁልቁለት እንዴት ልውረድ? መኪናዋን መንገድ ዳር አቆምኩና በእግሬ ሮጥኩ። ሙሽራዋ ቤት ስደርስ ሄዳችኋል” የሚል ድምፅ ተሰማ።

“ታዲያ በማግስቱ ለምን ደህና ሆነች?”

“ዘይት ጨመርኩባታ! አንተስ መች አስጨረስከኝ?”

ጸሐፊው በሰብሳቢዋ በኩል ያላለፈ ንግግር እንዴት እንደሚመዘገብ ጠይቋል። ሰብሳቢዋ፣ “አትጻፈው” ብላለች። እናት፣ “ጻፈው” ብለዋል። ተጽፏል።

ኤሌክትሪሺያኑ ብዙ ካቅማማ በኋላ፣ “ሙሽራ ሆኜ ሚኒባስ ስጠብቅ ሰው ሁሉ እኔን ነበር የሚያየው። ንዴቴን የምወጣበት ሰው ስፈልግ አንተን አገኘሁ” ብሏል። ከሥር የመጣው መልስ፣ “በል እግርህን አዘጋጅ” የሚል ብቻ ነበር።

ሥራው ከዘይቱ ዕቃ በጣም ከሚርቀው የኋላ ጎማ ተጀመረ። “ያዝ!” “ያዝኩ!” “ልቀቅ!” “ለቀቅኩ!” ከብሎኗ በቀጭን ላስቲክ ወደ ጠርሙስ የሚወርደው ዘይት መጀመሪያ እንደ ሳሙና ውሃ አረፋ ብቻ ነበር። ቀስ በቀስ አረፋው ሳሳ፣ ከዚያ አንድ አንድ ፊኛ ብቻ ብቅ ይል ጀመር። ሰብሳቢዋ ከዘይቱ ዕቃ ላይ ዓይኗን አልነቀለችም፤ ማብራሪያም አልሰጠችም። በመጨረሻው ጎማ ላይ ሹፌሩ፣ “ያዝ!” ሲል ኤሌክትሪሺያኑ፣ “ያዝኩ ጋሼ!” ብሏል።

“ጋሼ” የሚለው ቃል ከሠርጉ ወዲህ በዚህ ግቢ አልተሰማም። ሹፌሩ ብሎኗን ካሰረ በኋላም ከመኪናዋ ሥር ቶሎ አልወጣም። ምክንያቱ ሲጠየቅ ዘይት ዓይኑ ውስጥ መግባቱን ገልጿል። ሰብሳቢዋ በሙያዋ ዓይኑን እንድታየው ብትጠይቅ፣ “ተይኝ” ብሏል።

ጎማዎቹ ታስረው መኪናዋ ወረደች። ፍሬኑ ድንጋይ ሆኗል። ግቢ ውስጥ ወደፊትም ወደኋላም ተሞክራ ባሏት ቦታ ቆማለች።

አጀንዳ 5፦ ስለ ጉዞው

ሰብሳቢዋ በውሳኔው መሠረት ዛሬ የማን ሳምንት እንደሆነና ማን ከመኪናዋ መውረድ እንዳለበት ውይይት ከፈተች። እናት ነጠላቸውን አጣፍተው ከኋላ ገብተው ተቀምጠው ስለነበር፣ “ሁላችሁም ግቡ። እህቴ በር በር እያየች ነው” ብለዋል። ሹፌሩ መሪውን፣ ኤሌክትሪሺያኑ ከጎኑ ያለውን ወንበር ይዘዋል። (ከዚህ በታች የእጅ ጽሑፉ የተበላሸው ጸሐፊው በአማቱና በሰብሳቢዋ መካከል ተጣብቆ በጉልበቱ ላይ ስለሚጽፍ ነው።)

ቁልቁለቱ አናት ላይ ኤሌክትሪሺያኑ በታችኛው መንገድ ይሻላል አለ። ሹፌሩ፣ “አውቶብስ የምነዳውን ሰውዬ መንገድ ልታሳየኝ ነው?” አለ። ታናሹ፣ “አውቶብስማ ራሷ መንገዱን ታውቀዋለች” አለ። ሹፌሩ፣ “ውረድልኝ!” ታናሹ፣ “አልወርድም፣ ድርሻ አለኝ!” ተባባሉ። ሰብሳቢዋ ሥርዓት ለማስከበር አፏን ስትከፍት እናት እጃቸውን በጸሐፊው ላይ አሳልፈው ክንዷን ያዙ።

“ተዪያቸው” አሏት ቀስ ብለው። “እንዲህ ሲነታረኩ ከሰማሁ ስንት ጊዜዬ።”

ስብሰባው መኪናዋ አክስት በር ላይ ቀጥ ብላ ስትቆም፣ ከምሳ በፊት ተበትኗል። ከመበተኑ በፊት በዛሬው ዕለት የተወሰነው ሁሉ እንዲሻር በእናት ድምፅ ብቻ ተወስኗል።

ጸሐፊ፦ ፊርማ
ሰብሳቢ፦ በሽተኛ ለማየት ስለገባች አልፈረመችም።