ሰበቃ በአማቶቼ ቤት

ባለማወቁ ያፈረ ሰው ዕድለኛ ነው፤ «አላወቅኩም ነበር» ብሎ ይገላገላል። እያወቀ ያጠፋው ግን ምን ብሎ ያመልጣል? መልሱን ካገኛችሁ ንገሩኝ፤ እኔ ይኸው ስንት ዓመቴ፣ አማቶቼ የሚኖሩበት ማንያታ ሰፈር በገባሁ ቁጥር አንገቴን እደፋለሁ።

ሞያሌ፣ በኬንያው በኩል፣ ፊዚክስ አስተምራለሁ። ስለ ሰበቃ፣ ማለትም ስለ ፍትጊያ ኃይል፣ ሳስተምር የማልሰለቸው ነገር አለኝ፦ የቆመን ዕቃ ለማስነሳት ብዙ ጉልበት ይጠይቃል፤ ከተነሳ በኋላ ግን ለማስኬድ ያነሰ ይበቃል፤ የቆመ ዕቃ ሰበቃ ከሚንሸራተተው ይበረታልና። ስለዚህ ዕቃው ንቅንቅ ሲል ጉልበታችሁን ቀንሱ እላለሁ። ተማሪዎቼ ይህን በእንቅልፍ ልባቸውም ይመልሱታል።

የናይሮቢ መንገድ አስፋልት የለበሰ ሰሞን ነው። ሰላምን ለማግባት ለእሑድ ሽማግሌ አዘጋጅቻለሁ። ቤተሰቡ ሁሉ ያውቃል፤ እንደ ወጉ ግን እንዳላወቀ ይሆናል። የአባቷ የጋሽ ታደሰ ዐይን ውስጥ ልግባ ብዬ ሐሙስ ዕለት ቤታቸው ጎራ ስል፣ ጣሪያው አፍስሶባቸው ትልቁን ቁም ሳጥን ከጥጉ ሊያነሱ ይታገላሉ።

«እርስዎ ይረፉ ጋሼ» አልኩና እጅጌዬን ሰበሰብኩ። እናቷ በሩ ላይ ቆመው ያዩኛል፤ ሰላምም ከኋላቸው። እነሱ ባይኖሩ ትምህርቴ ትዝ ይለኝ ነበር።

ገፋሁ። አልነቃነቅ አለ። ትከሻዬን ሰጥቼ ገፋሁ።

«ፖሌ ፖሌ፣ ምዋሊሙ» አሉ ጋሽ ታደሰ፤ በስዋሂሊ ቀስ በል መምህር ማለታቸው ነው። ሊታይ የመጣ ሰው ደግሞ መቼ ቀስ ይላል? ባለ በሌለ ኃይሌ ስገፋው ተነሳ፤ እኔ ግን አልቀነስኩም። በሲሚንቶው ላይ ተንሸራቶ ሄዶ ከጭቃው ግድግዳ ጋር ተላተመ፣ ግድግዳውም በከፊል ተደረመሰ። የጎረቤት ፍየል በቀዳዳው አንገቷን አስገብታ አየችን።

ይቅርታ ልል ፈለግኩ፤ ቃሉ ከጉሮሮዬ አልላቀቅ አለ። ታግዬ ሳስወጣው ደግሞ ማቆሚያ አጣሁለት። ከአፍ ከወጣ አፋፍ አይደል፣ ስለ ሰበቃ፣ ስለ ጉልበት፣ ተማሪዎቼን ስለምመክረው ሁሉ ለፈለፍኩ። እያወቅኩ እንዳፈረስኩት በራሴ ላይ መሰከርኩ ማለት ነው። ሰላም ፊቷን ሸፍና ወደ ጓዳ ገባች። አለቀልኝ አልኩ። ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

«ባሲ፣ በቃ» አሉ ጋሽ ታደሰ በመጨረሻ። «እሑድ የምትልካቸው ሽማግሌዎች ጭቃ ማቡካት የሚችሉ ይሁኑ።»

ቻሉበት። ዛሬ ጋሽ ታደሰ አማቴ ናቸው። የምርጊቱ ቀለም ግን ከቀረው ግድግዳ ጋር አልገጠመም፤ የመጣ እንግዳ ሁሉ ምን ሆኖ ነው እያለ ይጠይቃል።

«ፊዚክስ ነው» ይሉታል ጋሽ ታደሰ።

እዚያ ቤት ስሄድ ሁልጊዜ ያንን ግድግዳ ተደግፌ፣ ምርጊቱን በጀርባዬ ሸፍኜ የምቀመጠው ለዚህ ነው።